መጨረሻ ለምትደርሰው ልጅ

ታናሿ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ በትምህርት ቤቷ የስፖርት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠች፤ መጨረሻም ወጣች። እሷ ስትደርስ ጭብጨባው አልቆ ነበር። እኔም የአሸናፊዋን አባት “እንኳን ደስ አለህ” እያልኩ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ፣ “አባዬ፣ ስገባ አላየኸኝም አይደል?” አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ያን ምሽት እ.ኤ.አ. በ1968 የተካሄደው የሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ትዝ አለኝ። ማራቶኑን ያሸነፈው የእኛው ማሞ ወልዴ ነው። ታንዛንያዊው ጆን ስቴፈን አክዋሪ ግን ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ በፋሻ እንደታሰረ፣ ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ መጨረሻ ገባ። ስታዲየሙ ውስጥ የቀሩት ሰዎች አጨበጨቡለት።

ተወዳጆች ሆይ፣ ዕብራውያን ምዕራፍ 12 ስለ እምነት ሩጫ ሲናገር የሚፈልግብን ትዕግሥትን እንጂ ቀዳሚነትን አይደለም። እኛ ግን በቤተ ክርስቲያንም ዓይናችን መድረኩ ላይ ነው። እያነከሰ የሚመጣውን ወንድም ማን ይጠብቀው? ጌታ ዓይኑን ከእርሱ አያነሳም። እኔ በሚቀጥለው ዓመት የመጨረሻዋ ልጅ እስክትገባ መስመሩ ላይ እቆማለሁ። እናንተስ በዚህ እሑድ ማንን ትጠብቃላችሁ?

ጌታ ይባርካችሁ።