«ነው» ከማለታችን በፊት

ስለ ጽንፈ ዓለም አጀማመር የትምህርት ዕቅድ ስናዘጋጅ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይታያል። አንዳንዱ ሰልጣኝ «ኢንፍላቶን የተባለ መስክ ኅዋን በቅጽበት ለጠጠው» ብሎ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ «ማን አይቶት! ፈተና ላይስ መቼ ይመጣና?» ብሎ ጭራሹን ይዘለዋል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ።

በመጀመሪያ የተለካውን እንለይ። ፔንዚያስና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ ያደረጉት፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ደካማ ጨረር ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ ያህል ነው። የእኛ ጉዞ የሚያመጣው ለውጥ ከተቀነሰ፣ በየትኛውም ወገን ቢለካ ልዩነቱ ከመቶ ሺህ አንድ ገደማ ነው። ታዲያ ብርሃን እንኳ ለመለዋወጥ ጊዜ ያልነበራቸው ሁለት ዳርቻዎች ሙቀታቸው እንዴት እኩል ሆነ? አላን ጉት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው መልስ፣ ኅዋ ገና በጅምሩ እጅግ በፍጥነት ተለጠጠ፣ ዛሬ የተራራቁት ያን ጊዜ ጎረቤታሞች ነበሩ የሚል ነው። ኅዋን የለጠጠው አንድ መስክ ነው ይባላል። መስኩ ሲረግብ ጉልበቱ ወደ ቅንጣቶች ተለወጠ፤ በውስጡ የነበሩት ጥቃቅን መዋዠቆችም የጋላክሲዎች ዘር ሆኑ። ውብ ሐሳብ ነው። መስኩን ግን እስካሁን ያገኘው የለም።

እንግዲህ መላ ምቱን ከነመፈተኛው ማስተማር ነው የሚበጀው። ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1930 የገመተው ኒውትሪኖ በ1956 ተገኘ። በ1964 የተገመተው የሂግስ መስክ ቅንጣቱ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የታየው በ2012 ነው፤ 48 ዓመት ፈጀ! በአንጻሩ በ2014 የባይሴፕ ተመራማሪዎች ከደቡብ ዋልታ ሆነው የልጠጣውን የስበት ሞገድ አሻራ አየን ሲሉ ስንቱ አጨበጨበ። በዓመቱ ከፕላንክ ሳተላይት መረጃ ጋር ሲመሳከር የምልክቱ ብዙው ክፍል የገዛ ጋላክሲያችን አቧራ ሆኖ ተገኘ። ጋላክሲዎችን በስበቱ ያሰባሰበው ጨለማ ቁስ ሊሆን ይችላል የሚባለው አክሲዮንም ገና እየተፈለገ ነው። (ከአክሲዮን ማኅበር ጋር እንዳታምታቱት፤ ስሙ ከአንድ የአሜሪካ ልብስ ማጠቢያ ሳሙና የተወሰደ ነው።)

«እንዲህ ካስተማርናቸው ልጆቹ ግራ ይጋባሉ» የሚሉ መምህራን አሉ። የለም፣ ይበልጥ ግራ የሚጋባው ዘንድሮ «ነው» የተባለውን ከርሞ በሬዲዮ «አይደለም» ሲባል የሚሰማው ልጅ ነው። ያን ጊዜ በትክክል የተለካችውን 2.7ንም አብሮ ይጠረጥራታል።