ብረት ሳይጎድል እንዴት ይበሳል?



የትምህርት ቤታችን መዝገብ በሚሞላበት ሰሞን ተማሪዎቼን በየተራ እየጠራሁ የአባታቸውን ሥራ ስጠይቅ፣ አንዱ «ገበሬ»፣ ሌላው «ነጋዴ»፣ ሌላውም «ካህን» እያለ ሲመልስ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ደግሜ ብጠይቀው ከኋላው የተቀመጠው ጓደኛው «ቀጥቃጭ ነው» ሲል መለሰለት፤ ክፍሉም በሙሉ ሳቀ። ይህን ሳቅ ልጆቹ ከማን ተማሩት? ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ከእኛ ከወላጆቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው የወረሱት ነው እንጂ።

በማግሥቱ ወደ ልጁ አባት ቤት ሄድሁ። በዚያን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መስኮት የሚሆን የብረት ፍርግርግ ይሠሩ ነበር። ተማሪዎቼን አምጥቼ ሥራውን ያሳዩልኝ ዘንድ ብለምናቸው፣ «የኔታ፣ እኔስ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ወላጆቻቸው ቢሰሙ ልጆቹን ይቆጧቸዋል» አሉኝ። «ቁጣው በእኔ ላይ ይሁን» አልኋቸው። ቅዳሜ ጧትም ከ15 ተማሪዎች ጋራ ከወናፉ አጠገብ ቆምን።

ፍርግርጉ የሚሠራው እንዲህ ነው። የቆሙት ዘንጎች በየቦታው ይበሳሉ፤ አግድም የሚሄዱትም ዘንጎች በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያልፋሉ። ብረት በብረት ውስጥ ስለሚያልፍ ሌባ ገፍቶ አይለያየውም፤ በየቀዳዳውም ዙሪያ ዘንጉ እንደ ዓይን አብጦ ስለሚታይ ያው ማጠንከሪያው ጌጥ ይሆናል። በጀርመንና በኦስትሪያ አገር የነበሩ ባለ እጆች በ16ኛው መቶ ዓመት ይህን ጥበብ እጅግ አራቀቁት፤ አንዱ ዘንግ በዚህ ቦታ በሌላው ውስጥ ሲያልፍ፣ በሚቀጥለው ቦታ ደግሞ ያኛው በዚህኛው ውስጥ እንዲያልፍ አድርገው ሠሩት፤ ስለዚህ ፍርግርጉን ሳይቆርጡ መፍታት አይቻልም።

ባለ እጁ በመጀመሪያ ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ቀዳዳው የሚወጣበትን ቦታ በሹል ብረት መትተው ምልክት አደረጉበት። ቀጥሎ በከሰሉ ፍም ውስጥ ከተው ልጃቸው ወናፉን እንዲያናፋ አዘዙት። ብረቱ መጀመሪያ እንደ ደም ቀላ፤ ኋላም እንደ ብርቱካን፣ በመጨረሻም ወደ ቢጫ ተለወጠ። «ጠቁሮ ሳለ ብትመቱት ይሰነጠቃል፤ ነጭ ሆኖ ብልጭታ እስኪረጭ ብትተዉት ደግሞ ይቃጠላል፤ ጊዜውን ማወቅ ነው» አሉ።

ብረቱን በጉጠት ይዘው በመስፉ ላይ ካጋደሙት በኋላ ስለታም መሮ በምልክቱ ላይ አቁመው መቱ። መሮው የሚቆመው በዘንጉ ርዝመት አንጻር ነው፤ በወርዱ ቢቆም ዘንጉን ይቆርጠዋልና። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከመቱ በኋላ መሮው እንዳይለዝብ ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ በስንጥቁም ውስጥ ጥቂት የከሰል ዱቄት ነሰነሱ፤ ይኸውም መሮው ከጋለው ብረት ጋራ እንዳይጣበቅ ነው። መሮው ወደ ታች ደርሶ ሲጠነክርባቸው ዘንጉን ገለበጡት። በጀርባው ላይ ጥቁር መሥመር ታየ፤ መሮው የነካው ቦታ ከሌላው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነው። በዚያው መሥመር ላይ ቢመቱ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። ከዚያም ዘንጉን እንደ ገና አግለው፣ ጫፉ ቀጭን ሆኖ እየወፈረ የሚሄድ ድቡልቡል ማስፊያ አስገቡበትና ከሁለቱም ወገን እየመቱ ስንጥቁን ክብ አደረጉት።

እኔም የሒሳብ መምህር ነኝና ጠመኔ አውጥቼ ከግድግዳው ላይ ጻፍሁ። የስንጥቁ ርዝመት 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሁለቱ ከንፈሮቹ ተደምረው 44 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ይህ የክቡ ዙሪያ ነው፤ 44 በ22/7 ሲካፈል ወርዱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ይወጣል። ባለ እጁ ፈገግ ብለው፣ «ብረቱ ሲሰፋ ጥቂት ይሳባል፤ ስለዚህ ስንጥቁን ከዚያ አሳጥረዋለሁ» አሉ። ሒሳቡን በቁጥር ባይጽፉትም በእጃቸው ያውቁታል።

ሌላም ቁም ነገር አለ። ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ በመሰርሰሪያ 14 ሚሊ ሜትር ቢበሳ፣ በግራና በቀኝ የሚቀረው 3፣ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የቀረው ብረት ዱቄት ሆኖ ይፈሳል። በመሮና በማስፊያ የተበሳው ግን ብረቱ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይገፋል እንጂ ከትንሽ ስባሪ በቀር አይጎድልም። ቀዳዳው ወጥቶበትም ጥንካሬው አብሮት ይኖራል።

ሥራው ሲያበቃ የቤቱ እመቤት ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልን። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንድም እጅ አልተዘረጋም። እውነቱን ለመናገር፣ በልጅነቴ «ከዚያ ቤት አትብላ» የተባልሁት ቃል ትዝ ብሎኝ የእኔም እጅ ለአንድ አፍታ ዘገየ። ያን ያህል ዓመት ከመጻሕፍት ጋራ ኖሬ ስለ ዘገየችው እጄ አፈርሁ። አማትቤ ዘገንሁ፤ ልጆቹም ተከተሉኝ።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ብረት የቀጠቀጠ ሰው በዓይኑ ይበላል የሚል ትምህርት በወንጌል የለም። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 54 እግዚአብሔር ፍሙን የሚያናፋውን ብረት ሠሪ እኔ ፈጠርሁት ይላል፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ባይኖሩ ከተማ ሰው አይኖርበትም ብሎ ያስተምራል። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ቤት ገና አልወጣም። በማረሻቸው አርሰን፣ በማጭዳቸው አጭደን፣ በቢላዋቸው ዳቦ ቆርሰን፣ የሠሩትን መስቀል ተሳልመን ስናበቃ፣ ማዕዳቸውን ብንጸየፍ ምን ዓይነት ክርስትና ነው?

ስለዚህ በየቤታችሁ ይህን አድርጉ። ሰውን በሙያው የሚያዋርድ ቃል ከልጆቻችሁ ፊት አትናገሩ፤ ልጃችሁ ቢናገርም ሳትስቁ ገሥጹት። ከሁሉ ይልቅ ግን ለዝክርና ለማኅበር ስትጠሩ ባለ እጁን ጎረቤታችሁን ከነልጆቹ ጥሩት፤ እርሱም ሲጠራችሁ ሂዱ፤ የቀረበላችሁንም ብሉ።

ሰኞ ዕለት መዝገቡን እንደ ገና ከፍቼ ያን ልጅ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ «አባቴ ባለ እጅ ነው» አለኝ። አንድም ልጅ አልሳቀም፤ እኔም በቀይ ቀለም ሳይሆን እንደ ሌሎቹ ሁሉ በጥቁር ቀለም ጻፍሁት።

የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ አሜን።