«የእኛ ሰው» እና የሥልጣን መሰላሉ

ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቶ ተመስገን ጥሩነህን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሲሾም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የዳንግላ ልጅ ጋር ቡና እየጠጣሁ ነበር። «አቶ ደመቀም ወረዱ» አለኝ። ቀጠለና «ለመሆኑ እኛ ምን ቀረብን?» ሲል ጠየቀኝ። ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም።

አቶ ደመቀ መኮንን በ2001 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ከመስከረም 2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሥር ከ11 ዓመት በላይ ምክትል ሆነው ቆዩ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ለኢሕአዴግ ሊቀመንበርነት ከመወዳደር ራሳቸውን በማግለላቸው ለዶክተር ዐቢይ አሕመድ መንገዱ ተጠረገ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነትን ደረቡ። ይሁን እንጂ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያውን ስምምነት በመንግሥት ወገን የፈረሙት እሳቸው ሳይሆኑ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የደኅንነት አማካሪ አምባሳደር ሬድዋን ሁሴን ነበሩ። ወንበርና ሥልጣን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይቀመጡም ማለት ነው።

ወዳጄ «እንጅባራ ዩኒቨርሲቲስ?» አለኝ። በዚያው ዙር በደባርቅና በመቅደላ አምባም ተከፍቷል። የፌዴራል ዕቅድ እንጂ የአንድ ሹም ስጦታ አይደለም።

እዚህ ላይ የጃፓኑን ካኩዌ ታናካ ማሰብ ይጠቅማል። በ39 ዓመታቸው ሚኒስትር የሆኑት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በረዶ የሚበዛባት የትውልድ ግዛታቸው ኒጋታ በ1982 ፈጣን ባቡር ገባላት። በ1983 በሎክሂድ ጉቦ ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ እንኳ መራጮቻቸው በከፍተኛ ድምፅ መልሰው መረጧቸው። ይህ የሚያስቀና ፖለቲካ አይደለም። ሙስናን ያቀፈ ፖለቲካ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ነበር፤ የታናካ መሰላል የቆመው በመራጩ ትከሻ ላይ ነው። መራጩ ሊጠይቃቸውም፣ ሊጥላቸውም ይችል ነበር።

በእኛ አገር መሰላሉ የቆመው በፓርቲው ግቢ ነው። አቶ ደመቀ የወረዱት በመጀመሪያ በብልጽግና ፓርቲ ስብሰባ ነው፤ ምክር ቤቱ ከቀናት በኋላ አጸደቀ። በዚያን ጊዜ አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። የእንጅባራ ነጋዴም ሆነ የዳንግላ መምህር በክልሉ ስም ከፍተኛውን ወንበር የያዙትን ሰው «ስለ እኛ ምን አሉ?» ብሎ የሚጠይቅበት በር አልነበረውም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ዜጋውን ረስቶታል። የሚቆጨው ሹሙ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለወዳጄ ዘግይቶም ቢሆን የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የቀረብን «የእኛ ሰው» አይደለም። ለእኛ ተጠሪ የሆነ ሰው ቀድሞም አልነበረንም። በሚቀጥለው ሹመት መቁጠር ያለብን የተሿሚውን የትውልድ መንደር ሳይሆን፣ ማን ሊያወርደው እንደሚችል ነው።