የካንተርበሪ መንበር፦ ወጉ ጸንቶ ሥልጣኑ ሲላላ

የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሲፈርም የቤተሰብ ስሙን ይተውና ከመጠሪያ ስሙ ቀጥሎ «ካንቱዋር» ብሎ ይጽፋል፤ የመንበሩ የላቲን ስም በአጭሩ መሆኑ ነው። የዮርኩ «ኢቦር»፣ የደርሃሙ «ደነልም» ይላል። የእኛ ጳጳሳት ሲሾሙ አዲስ ስም ይቀበላሉ፤ የእንግሊዞቹ ግን የራሳቸውን ስም እንደያዙ የቦታውን ይወርሳሉ። ሰው አላፊ ነው፣ መንበር ነዋሪ ነው ማለታቸው ነው። አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ597 ኬንት ከገባ ጀምሮ የሚቆጠረው የሊቃነ ጳጳሳት ሐረግ በ2025 መጠራታቸው ይፋ በሆነው በሣራ ሙላሊ 106 ደርሷል። ሴት ስትሾም የመጀመሪያዋ ናቸው። ሐረጉ አልተበጠሰም፤ በዓለም አቀፉ የአንግሊካን ኅብረት ውስጥ መንበሩን የሚሰማው ግን ቀንሷል።

ለዚህ ድክመት የተለመዱት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ቡራኬ፣ የሴቶች ጵጵስና እና የቀድሞው ሊቀ ጳጳስ የጀስቲን ዌልቢ አወራረድ። ዌልቢ በኅዳር 2024 እንደሚለቁ ያስታወቁት ጆን ስማይዝ የተባለ ሰው በልጆችና በወጣቶች ላይ ያደረሰውን ጥቃት ቤተ ክርስቲያኒቱ እንዴት እንደያዘችው የሚያጋልጥ ዘገባ ከወጣ በኋላ ነው። ሦስቱም ውድቀቱን አፋጥነውታል። ሥሩ ግን ከእነሱ ይቀድማል፤ ያለውም ሊቀ ጳጳሱ በሚመረጥበት መንገድ ላይ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ኮሚሽን እጩ ይመርጣል፤ ስሙን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለንጉሡ ያቀርባል፤ ንጉሡ ለካንተርበሪ ካቴድራል ካህናት «ምረጡ» የሚል ፈቃድ ይልካል፤ ከፈቃዱ ጋር ግን የሚመረጠው ሰው ስም አብሮ ይደርሳቸዋል። ይህ የሄንሪ 8ኛ ዘመን ሕግ ዛሬም ይሠራል። በሙላሊ ምርጫ ኮሚሽኑን የመሩት የቀድሞ የአገር ውስጥ ስለላ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ እኚህን ሰብሳቢ የሾሙትም በእግዚአብሔር እንደማያምኑ በግልጽ የተናገሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ናቸው። ይህ ለእንግሊዝ የመንግሥት ሃይማኖት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ለሌላው ዓለም ግን የባዕድ አገር የቤት ጉዳይ ነው።

ቅኝ ግዛት በነበረ ጊዜ ክፍተቱ አይታይም ነበር፤ የቅኝ ግዛቶቹ ጳጳሳት በብዛት ከእንግሊዝ የሚላኩ ነበሩና። ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ፊሸር በ1951 የምዕራብ አፍሪካን፣ በ1960 የምሥራቅ አፍሪካን አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸውን ያስቻሉት በገዛ እጃቸው ነው። ልጆቹ የራሳቸውን አባት መምረጥ ጀመሩ፤ የሁሉም አባት የሚባለው ግን እንደ ቀድሞው በለንደን መሰየሙ ቀጠለ። የእንግሊዙ መሠረትም ሳስቷል። በ2021 ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ክርስቲያን ነኝ ያለው 46.2 በመቶ ብቻ ነው፤ ከ10 ዓመት በፊት 59.3 በመቶ ነበር።

«ድሮስ ካንተርበሪ የማዘዝ ሥልጣን መቼ ነበረውና?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሊቀ ጳጳሱ በእኩዮች መካከል ቀዳሚ እንጂ አዛዥ አይደለም። ከ1867 ጀምሮ የሚሰበሰበው የአንግሊካን ጳጳሳት የላምቤዝ ጉባኤም ሌሎቹን የሚያስገድድ ሕግ አያወጣም። ይህ ግን ነገሩን ያከብደዋል። ትእዛዝ የሌለው ሹም ያለው ሀብት መከበር ብቻ ነው፤ መከበርም አሿሿሙን በማመን ይቆማል። በየካቲት 2023 የደቡቡ ዓለም ሊቃነ ጳጳሳት ቡድን ዌልቢን እንደ ቀዳሚ አንቆጥርም ሲል የነጠቃቸው ይህንኑ ነበር። ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም፦ የጋምቤላ አንግሊካውያን በእስክንድርያ አንግሊካዊ ክፍለ ሀገር ሥር ናቸው፤ የዚያ ቡድን መሪ የነበሩትም የጎረቤት ደቡብ ሱዳን ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ባዲ ናቸው።

እንግሊዞቹ አልተኙም። በ2022 ለካንተርበሪ በሚመርጠው ኮሚሽን ውስጥ ከ17 ድምፅ 5ቱን ለዓለም አቀፉ ኅብረት ሰጡ፤ ቀድሞ 1 ብቻ ነበር። ግማሽ መንገድ ነው፤ ለእንግሊዝ ብዙ፣ ለዓለም ጥቂት። በ2024 የቀረበው የናይሮቢ–ካይሮ ሐሳብ ይልቅ ወደ ሥሩ ይጠጋል፤ ከኅብረቱ የመሪነት ሥራ ከፊሉ በክፍለ ዓለማት መካከል በተራ እንዲዞር ይጠይቃል። ያ ከሆነ ካንተርበሪ የዓለምን ክብር አሳንሶ የገዛ ሀገረ ስብከቱን እረኝነት መልሶ ያገኛል። ሁለቱን ሥራ በአንድ ሹመት ማስያዝ ያልተቻለው በሰዎቹ ድክመት ብቻ አይደለም፤ በአንድ አገር ሕግ የተሾመን ሰው ሌላው ዓለም አባቴ እንዲል መጠበቅ ከመነሻው ስህተት ስለሆነ ነው።