ሰማያዊው ሰንደቅ ሲወርድ ማን ያፍራል?

ደርባን በደቡብ አፍሪካ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት። ገና ሲቃረብ ከጆሃንስበርግና ከአካባቢው ልጆቹን ይዞ የሚወርድላት ሕዝብ ብዙ ነው። ይህች ከተማ በባሕር ዳርቻዎቿ የሚውለበለበውን ሰማያዊ ሰንደቅ እንደ ጌጥ ታሳየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የውሃው ጥራት ሲያወዛግብ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ራሱን ከፕሮግራሙ አወጣ። ትኩሳት መለኪያውን ወርውሮ “ድኛለሁ” እንደሚል በሽተኛ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ገብቷል፤ የመውጣቱን ነገር ግን ዛሬ የሚያነሳው የለም።

ሰማያዊው ሰንደቅ፣ ፈረንጆቹ ብሉ ፍላግ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በፈረንሳይ ተጀምሮ በ1987 ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተስፋፋ። ከአውሮፓ ውጭ መጀመሪያ የተቀበለችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ በ2001። አንድ የባሕር ዳርቻ ሰንደቁን ለማግኘት 33 መመዘኛዎች ይቀርቡለታል። መጸዳጃ ቤት፣ የቆሻሻ መጣያ፣ ነፍስ አድን ዋናተኛ፣ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መግቢያ፣ እያለ ይቀጥላል። እነዚህን ገንዘብና ቀለም ያለው ሁሉ ያሟላቸዋል።

የሚከብደው ውሃው ነው። በመዋኛው ወራት ቢያንስ በየ31 ቀኑ ናሙና ይወሰዳል። ለባሕር ውሃ የተቀመጠው ጣሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ኢ-ኮላይ እና 100 ኢንቴሮኮከስ ነው። ሁለቱም በሰውና በእንስሳ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በቀላል አማርኛ፣ መመዘኛው የሚጠይቀው “ሕዝቡ የሚዋኘው በሰገራ ውስጥ ነው ወይስ አይደለም?” ብሎ ነው። ውጤቱ ደግሞ በቢሮ መሳቢያ አይቀመጥም፤ እዚያው ዳርቻው ላይ በሰሌዳ ይለጠፋል። ሰንደቁ የሚሰጠው ለአንድ ወቅት ብቻ ነው። መስፈርቱ ሲጓደል ይወርዳል።

ባለሥልጣናት የሚወዱት ግን የመስቀሉን ቀን ብቻ ነው። የፍሳሽ ፓምፕ ከመሬት በታች ነው፤ ሪባን አይቆረጥለትም፣ ፎቶ አይነሳበትም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ከ400 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ የደርባንን የፍሳሽ ማጣሪያዎችና ፓምፖች አወደመ። ፍሳሹ በወንዞች በኩል ባሕር ገባ፣ ዳርቻዎቹም ለዋና ደጋግመው ተዘጉ። “ጎርፉ ነው” የሚል መልስ አለ። ጎርፉ በእርግጥ ከባድ ነበር፤ የ2008ቱ ውዝግብ ግን ከጎርፉ 14 ዓመት በፊት የሆነ ነው።

ሰንደቁን የሚነቅፉ ሰዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ለምሳሌ ይኸው ሰንደቅ ለማሪና፣ ማለትም ለመዝናኛ ጀልባዎች መቆሚያም ይሰጣል። እዚያ ውሃው የሚመዘነው በዓይን ነው፤ ዘይት፣ ቆሻሻ ወይም ፍሳሽ ካልታየ ያልፋል። ባክቴሪያ በዓይን አይታይም! አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ ሁለት ዓይነት ሚዛን። መንገደኛው ይህን ከየት ያውቃል? ከወንዙ ላይኛው በኩል በዚያው ፍሳሽ አጠገብ የሚኖረው ድሃም ሰንደቅ የሚሰቅልለት የለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጉድለቱ የሚጠይቀው ሚዛኑን ማጥበቅ ነው፤ ሚዛኑን መጣልማ ደርባን የሞከረችው ነው።

ነገሩ ባሕር ለሌላት ኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ሰማያዊው ሰንደቅ ለሐይቅ ዳርቻም ይሰጣል፤ ለሐይቅ ውሃ ጣሪያው 500 ኢ-ኮላይ እና 200 ኢንቴሮኮከስ ነው። በሐዋሳ፣ በቢሾፍቱ፣ በላንጋኖና በጣና ዳር ሆቴልና ሎጅ ተደርድሯል። ሆቴሎች እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው ምዘና ኮከብ ሲያገኙ በራቸው ላይ ለጥፈዋል፣ ማስታወቂያ አሠርተዋል። ኮከቡ ስለ አልጋው፣ ስለ ወጥ ቤቱና ስለ መስተንግዶው ይናገራል። እንግዳው ልጁን ይዞ የሚገባበት ሐይቅ ምን እንደያዘ ግን አይነግረውም።

ለዚህ የኮፐንሃገንን ሰንደቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ሐዋሳም ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ አላቸው። በወር አንድ ጊዜ ናሙና ወስዶ ማስመርመር ለአንድ ባለ ኮከብ ሆቴል የአንድ ሠርግ የአበባ ወጪ እንኳ አይሆንም። “ቁጥሩ እንግዳ ያባርርብናል” የሚል ባለ ሎጅ ቢኖር ሰውየው ወይ ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ወይ ጠርጥሮ ማወቅ አልፈለገም። በሁለቱም መንገድ የሰው ልጅ ሲዋኝ ቆሞ እያየ ነው።

መጀመሪያው ሰሌዳ አሞራ ገደል ቢተከል ጥሩ ነው። እዚያ ሐይቁ ዳር ልጆች ይዋኛሉ፣ ዓሣ ይታጠባል፣ ጥሬውንም የሚበላ አለ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ናሙናው የተወሰደበት ቀን፣ ሁለቱ ቁጥሮች እና ውጤቱን የሰጠው ላቦራቶሪ ስም ነው።