የጅግጅጋ የልብስ መደብሮች የራቃቸውን ሸማች እንዴት ይመልሱ?

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ስለ ልብስ ገበያ ሲወሳ ለበርካታ ዓመታት ስሟ ቀድሞ ይጠራ የነበረው ከተማ ጅግጅጋ ነች። ከበርበራ ወደብ ተነስቶ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው አልባሳት፣ ጫማና ሽቶ የሚራገፈው በዚህችው ከተማ በመሆኑ ከሐረርና ከድሬዳዋ፣ አልፎም ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ሻንጣውን ሳይሞላ አይመለስም ነበር። በ1990ዎቹ ከጅግጅጋ የሚመለስ መንገደኛ ሦስትና አራት ሸሚዝ ደራርቦ ለብሶ የፍተሻ ኬላ ስለማለፉ ይነገር የነበረው ቀልድ ዛሬም አልተረሳም። ከቀልዱ በስተጀርባ ያለው እውነታ ግን የከተማዋ ልብስ ነጋዴ ደንበኛ ለመሳብ የሚደክምበት ምክንያት ያልነበረው መሆኑ ነው። ገዢው ራሱ አገር አቋርጦ ይመጣለት ነበርና።

ያ ዘመን አልፏል። ከድንበር ማዶ የሚመጣው ሸቀጥ በአዲስ አበባ መርካቶና በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ እንደልብ የሚገኝ በመሆኑ ልብስ ለመሸመት ብቻ ወደ ጅግጅጋ መጓዝ እምብዛም አያዋጣም። በከተማዋ ዋና ዋና ጎዳናዎች ኪራይ ከፍለው፣ ንግድ ፈቃድ አውጥተው፣ ግብር እየገበሩ የሚሠሩ መደብሮች የቀራቸው ገዢ በአመዛኙ የከተማዋና የአካባቢዋ ነዋሪ ነው። እርሱም ቢሆን ከመደብሩ ደጃፍ ላይ ሸራ ዘርግቶ ከሚሸጠው ነጋዴ ገዝቶ ያልፋል።

የድንበር ገበያ በቦታ ላይ ብቻ ሲመሠረት ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ የተቀሰቀሰው ጦርነት ያፈናቀላቸው ስደተኞች የሰፈሩባት ሐርትሼክ በአንድ ወቅት በዓለም ካሉት ታላላቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዷ ነበረች። በመጠለያው ዙሪያ የተፈጠረው ገበያ ከልብስ እስከ ኤሌክትሮኒክስ ያልያዘው አልነበረም። መጠለያው በ1996 ዓ.ም. ሲዘጋ ግን ገበያውም ተዳከመ፤ የድንበሩ ንግድም ማዕከሉን ቶጎ ውጫሌ ላይ አደረገ። ዕቃው በዚያ ስለሚያልፍ ብቻ ቆሞ የነበረ ሱቅ ዕቃው መንገዱን ሲቀይር የሚይዘው ደንበኛ አልነበረውም። የጅግጅጋ መደብሮች ዛሬ የገጠማቸው ፈተናም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

በዚህ ላይ የተደራረቡ ችግሮች አሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ በተቀሰቀሰው ሁከት የሰው ሕይወት ከመጥፋቱም በላይ በርካታ ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ከሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች መጥተው ለዓመታት በከተማዋ ሲነግዱ የነበሩ ብዙ ሰዎችም ለቀው ወጥተዋል። ከእነርሱ ጋር የወጣው ካፒታል ብቻ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ጅምላ ነጋዴዎች ጋር በመተማመን ላይ ተመሥርቶ የቆየ የዱቤ ትስስርም አብሮ ተበጥሷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በመክሸፋቸው የደረሰው ድርቅ ደግሞ በተለይ የክልሉን ደቡባዊና ምሥራቃዊ አካባቢዎች አርብቶ አደር ከብት ፈጅቷል። ከብት የሌለው አርብቶ አደር ልብስ አይገዛም።

ከሁሉም በላይ ግን የመደብሩን ሒሳብ የለወጠው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በውጭ አገር 10 ዶላር የሚያወጣ ቀሚስ ቀድሞ 570 ብር ገደማ ይሰላ ከነበረ፣ ዶላሩ 100 ብር ሲደርስ 1 ሺህ ብር ሆነ ማለት ነው። ሕጋዊው አስመጪ በዚህ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲከፍል፣ ስሌቱ አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ ስለሚሄድ ቀሚሱ የማጓጓዣና የትርፍ ሳይጨመርበት ከ1 ሺህ 700 ብር ያልፋል። ያለ ቀረጥ ያስገባው ነጋዴ ከዚህ አብዛኛውን አይከፍልም። ቀድሞውንም ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ይገዛ ስለነበር የተመኑ ለውጥ የነካው በመጠኑ ነው።

እንግዲህ ፈቃድ ያለው መደብር ከመንገድ ዳር ሻጭ ጋር በዋጋ እወዳደራለሁ ካለ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንዳንዱ ከዚህ ለማምለጥ ሰነድ የሌለውን ዕቃ ከሕጋዊው ጋር እየቀላቀለ ይሸጣል። ይህም ሕግን ከመጣሱ በተጨማሪ መደብሩን ከጎዳናው ነጋዴ የሚለየውን አንድ ነገር ያሳጣዋል። መደብሩ ሊሸጠው የሚችለው፣ ጎዳናው ግን ሊያቀርበው የማይችለው ነገር ኃላፊነት ነው።

በጅግጅጋም ሆነ በሌሎች ከተሞች በሱቆች ግድግዳ ላይ በብዛት ከሚነበቡ ማስታወቂያዎች አንዱ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ነው። ነጋዴው ራሱን ከኪሳራ የጠበቀበት ይመስለዋል። ነገሩን ከሸማቹ በኩል ማየት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከቀብሪበያህ ወይም ከአውባሬ ለገበያ የመጣች እናት ለአራትና ለአምስት ልጆች ልብስ የምትገዛው ልጆቹን ይዛ አይደለም። ልኩን የምትገምተው በዓይኗ ነው። ቤቷ ደርሳ ልብሱ ቢጠብ ወይም ስፌቱ ቢተረተር የምትመልሰው የለም። ይህ ስጋት በመደብሩም በጎዳናውም እኩል ከሆነ በርካሹ መግዛቷ ትክክለኛ ስሌት ነው። መደብሩ «በሳምንት ውስጥ ልኩ ካልሆነ ቀይሪው» ቢላት ግን የሁለቱ ዋጋ መለኪያው ይለወጣል። ጎዳና ላይ በ600 ብር ተገዝቶ የማይለበስ ቀሚስ በ800 ብር ተገዝቶ ከሚለበሰው ይልቅ ውድ ነው።

ሕጉም ቢሆን ከማስታወቂያው ጎን አልቆመም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍና ደረሰኝ እንዲሰጥም ደንግጓል። እነዚህ ድንጋጌዎች በነጋዴው ዘንድ እንደ ጫና ሲታዩ ኖረዋል። በተጨባጭ ግን ሕጋዊው ነጋዴ በጎዳናው ላይ ብልጫ የሚያገኝባቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ ነገ በዚያው ስፍራ ስለመገኘቱ እርግጠኛ ያልሆነ ሻጭ ደረሰኝም ሆነ የመለወጥ ዋስትና ሊሰጥ አይችልምና። ሰባት ጊዜ ተከራክሮ መግዛት የሚያስደስተው ሸማች መኖሩ አይካድም። ሆኖም ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው የመንግሥት ሠራተኛና በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከየአካባቢው ያመጣቸው ተማሪዎች የቋንቋም የጊዜም እጥረት ያለባቸው በመሆናቸው የተለጠፈ ዋጋን ይመርጣሉ።

የመለወጥ ዋስትና ብቻውን አይበቃም። የልብስ መደብር ለመባል ልብሱን ለክቶ ማየት መቻል አለበት። በአካባቢው የልብስ ዋነኛዋ ገዢ ሴት ነች፤ ብዙውንም ጊዜ ሻጯ እንዲሁ። ያም ሆኖ በመጋረጃ የተከለለ የመለኪያ ቦታና ቁመት የሚያሳይ መስታወት የሌላቸው ሱቆች ጥቂት አይደሉም። ለሴት ደንበኛ በሴት ሠራተኛ የሚስተናገድ የተከለለ ስፍራ ማዘጋጀት የሁለት ሜትር ጨርቅና የአንድ መስታወት ወጪ ነው። ጎዳናው ደግሞ ይህንን በምንም ዋጋ ሊያቀርበው አይችልም።

ከዚሁ ጋር ልብስ ሰፊውን ወደ መደብሩ ማስጠጋት ይገባል። የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱት ሰፊና ስስ የሆነው ድራዕ፣ በቤት ውስጥ የሚለበሰው ባቲ፣ ጋርባሳር የሚባለው የትከሻ ልብስ፣ እንዲሁም የወንዶቹ ሽርጥ ከቁርጥ ጨርቅ የሚጀምሩ ወይም በመጠነኛ ስፌት የሚስተካከሉ ናቸው። በሱቁ በረንዳ ላይ አንድ የስፌት መኪና ካለ ጨርቁን የገዛች ደንበኛ ልብሷን በዚያው ቀን ይዛ ትወጣለች። ስፌቱን ለማየት በሚቀጥለው ሳምንት ብትመለስም መደብሩ ሁለተኛ ዕድል አገኘ ማለት ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚፈለገው የተማሪዎች ዩኒፎርምም ከዚህ የሚመደብ ነው። ቀለሙና ዓይነቱ በትምህርት ቤቱ ስለሚወሰን ከዱባይ ተሸክፎ የሚመጣ አይደለም። በአገር ውስጥ ጨርቅ በአገር ውስጥ እጅ የሚሰፋ፣ መጠኑም አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ የምንዛሪ መዋዠቅ ከሚነካው ከውጭ የመጣ ልብስ ይልቅ አስተማማኝ ገበያ ነው።

በሌላ በኩል የሰሜናዊው ሶማሌ ክልል ሸማች ኪሱ የሚሞላበትን ጊዜ ማወቅ ለነጋዴው ወሳኝ ነው። በግና ፍየል በብዛት ወደ በርበራ ተነድቶ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚጫነው የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ነው። ከእንስሳቱ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ተመልሶ ልብስ፣ ሩዝና ስኳር ይሆናል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ1993 እስከ 2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የአፍሪካ ቀንድን የቁም እንስሳት ባገደችባቸው ዓመታት ይህ ሰንሰለት ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ ታይቷል። በጅግጅጋና በአውባሬ ዙሪያ ማሽላና በቆሎ የሚያመርተው ከፊል አርብቶ አደር ደግሞ ገንዘብ የሚያገኘው ከከረን ዝናብ በኋላ እህሉ ሲሰበሰብ ነው። ረመዳንና አረፋ በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀናት ያህል ቀደም ብለው ስለሚመጡ፣ በአንድ ወቅት ከአዝመራ ጋር የገጠመው በዓል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአዝመራው በፊት ይውላል። ሦስቱን የቀን መቁጠሪያዎች አስተያይቶ ዕቃ የማያስገባ መደብር በዓሉ ካለፈ በኋላ የበዓል ልብስ ታቅፎ መቅረቱ አይቀርም።

ለዚህ ክፍተት የአካባቢው ሕዝብ የቆየ መልስ ዱቤ ነው። በዋስና በጎሳ መተማመን የሚሰጠው ዱቤ ግን ነጋዴው ከሚያውቃቸው ሰዎች ክበብ አያልፍም። ከሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም የተወለደው ሸበሌ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣል፤ ሄሎካሽ የተባለው የሞባይል ገንዘብም በክልሉ በስፋት የተለመደ ነው። በሐርጌሳ ዛድ የተሰኘው የሞባይል ክፍያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሻይ ሒሳብ እስከ መክፈል የደረሰ በመሆኑ ድንበሩን የሚመላለሰው ሰው ለአሠራሩ እንግዳ አይደለም። መደብሩ ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ፣ ጭማሪ የሌለው የክፍያ ውል በስልክ ቢመዘግብ ዱቤው ከትውውቅ ወደ መዝገብ ይሸጋገራል። በሙራባሃ ሥርዓት ሸቀጥ የሚገዛለት ባንክ ለማግኘትም ይኸው መዝገብ ማስረጃ ይሆነዋል።

ችግሩ የጅግጅጋ ብቻ አይደለም። በብሪታንያ ከ240 ዓመታት በላይ ያስቆጠረው ደበናምስ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የመጨረሻ መደብሮቹን ሲዘጋ፣ ስሙን የገዛው በኢንተርኔት ልብስ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር፤ ሕንፃዎቹን ግን አልፈለጋቸውም። በአንጻሩ የዛራ ባለቤት የሆነው የስፔኑ ኢንዲቴክስ መደብሮቹን ይዞ የዘለቀው ከእያንዳንዱ ልብስ ጥቂት እያስገባ፣ የተሸጠውን እያየ ቶሎ ቶሎ በመተካት ነው። ለጅግጅጋ ነጋዴ የሚበጀው ይህ ሁለተኛው ነው። አንድ ዓይነት ሸሚዝ በባሌ ገዝቶ ለዓመት መደርደር ካፒታልን ያስራል፤ ገዢውም ዛሬ ያየውን ነገም ስለሚያገኘው አይቸኩልም።

በቴሌግራምና በቲክቶክ ልብስ የሚሸጡ ወጣቶች መበራከታቸውም መደብሩን ከጨዋታ ውጪ አያደርገውም። በስልክ የሚታየው ቀሚስ ልኩና ጨርቁ በእጅ ካልተዳሰሰ በስተቀር አያስተማምንም። አድራሻው የታወቀ መደብር ፎቶግራፉን በስልክ አሳይቶ ልብሱን በሱቁ ካስለካ የሁለቱንም ጥቅም ይይዛል።

የመንግሥት ድርሻ እዚህ ላይ ይነሳል። ያገለገለ ልብስን ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ሆኖ ሳለ ሰልባጁ በገሃድ ሲሸጥ፣ ግብር ከፋዩ ነጋዴ ግን በየጊዜው ሲጎበኝ፣ ቁጥጥሩ ለመገኘት በሚቀለው ላይ እንደበረታ ይቆጠራል። ኬላ ማጥበቅ ብቻውን ሸማቹን ወደ መደብር አይመልሰውም። ከጎዳናው የሚተዳደሩት በአብዛኛው ሴቶችና ወጣቶች በመሆናቸውም እነርሱን ማባረር ሌላ ማኅበራዊ ቀውስ ይፈጥራል። የተሻለው በአነስተኛ ግብርና በተወሰነ ቦታ ወደ ሕጋዊነት ማምጣት፣ በአነስተኛ የድንበር ንግድ የሚፈቀዱትን ዕቃዎች ዝርዝርም ለነጋዴው በሚገባው ቋንቋ ማሳወቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች እንዲከፈት መወሰኑም ጊዜው ረጅም እንዳልሆነ ያመለክታል። ካፒታል ያለው የውጭ መደብር በመጀመሪያ የሚያርፈው በአዲስ አበባ ቢሆንም ድሬዳዋ በባቡርም በነፃ የንግድ ቀጣናዋም ቅርብ ነች፤ ከድሬዳዋ ጅግጅጋ ደግሞ የአስፋልት መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አይሞላም።

እስከዚያው በእጅ ያለው ገበያ ቀብሪበያህ፣ አውባሬ፣ ሐርትሼክና ቶጎ ውጫሌ ነው። በእነዚህ ከተሞች ያሉ ትናንሽ ሱቆች ጥቂት ልብስ ለማምጣት ራሳቸው ይመላለሳሉ። የጅግጅጋው መደብር ያልተሸጠውን መልሶ የሚቀበል አከፋፋይ ቢሆንላቸው፣ ከግድግዳው ላይ ያነሳው ማስታወቂያ ለችርቻሮ ሸማቹ ብቻ ሳይሆን ለእነዚህ ባለሱቆችም ይሠራል።