ፍሪሲዮን የሹፌር መለኪያ አይደለም

«ፍሪሲዮን ረግጦ ያልተፈተነ ሰው መንጃ ፈቃድ ሊይዝ አይገባም» ሲል አንድ አሰልጣኝ ሰማሁ። አብረውት የነበሩትም «እውነቱን ነው» አሉት። እኔን ግን አበሳጨኝ፤ አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደዚህ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከልክሏል። አዲስ አበባን የሞሏት ቢዋይዲዎችና የፎልክስዋገን አይዲዎች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ የሚቀያየር ማርሽም የላቸውም። ከዚያ በፊት ከገቡት ቪትዞችና ያሪሶችም ብዙዎቹ አውቶማቲክ ናቸው።

በባለማርሽ መኪና የሚፈተን ተማሪ በምን እንደሚወድቅ እንይ። ዳገት ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይይዛል። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ሲለቅ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፤ ነዳጅ ለመስጠት ሲዘገይ ሞተር ይጠፋበታል። በቃ፣ ወደቀ። መሪ አያያዙ ጥሩ ነው፣ መስታወት ያያል፣ ለእግረኛ ይቆማል። ግራ እግሩ ስለተሳሳተች ብቻ ተመልሶ የልምምድ ሰዓት ይከፍላል። ያቺ ግራ እግር ደግሞ ነገ በሚነዳው መኪና ውስጥ ምንም የምትረግጠው ነገር የለም!

«ባለማርሽ መኪና ቢያጋጥመውስ?» ይሉናል። ካጋጠመው አይንዳ። እንግሊዝ አገር በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ 78 የሚል ቁጥር ይሰፍርበታል፤ ባለማርሽ መንዳት ሲፈልግ በባለማርሽ ይፈተናል። እኛስ ብንሆን የሞተር ብስክሌቱን ከአውቶሞቢሉ፣ አውቶሞቢሉን ከጭነቱ ለይተን ፈቃድ እንሰጥ የለም ወይ? ምናልባት ሲኖትራክ ቢያጋጥመው ብለን የሞተር ብስክሌት ነጂን በሲኖትራክ አንፈትንም። አይሱዙ የሚነዳ፣ በሚኒባስ ሕዝብ የሚያመላልስ ማርሹን ጠንቅቆ ይወቅ፤ መተዳደሪያው ነው፣ የሰው ነፍስም በእጁ ናት። የቤት አውቶሞቢል ነጂን ግን በዚያ ስም መያዣ አታድርጉት።

በትርፍ ጊዜያቸው በሬድዮ የሚነጋገሩት የአማተር ሬድዮ ሰዎችም ይህንኑ ክርክር ለዓመታት ተከራክረዋል። ሞርስ፣ ማለትም ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላክበትን ዘዴ፣ የማይችል ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ባለው ሞገድ ፈቃድ አያገኝም የሚለው ዓለም አቀፍ ግዴታ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ መርከቦች እንኳ በ1999 ለጭንቅ ጥሪ ወደ ሳተላይትና ዲጂታል ሬድዮ ጠቅልለው ከተሻገሩ በኋላ መሆኑ ነው። አሜሪካ ፈተናውን እስከ 2007 አቆይታለች። ሞርስ የሚወዱ ዛሬም ይነጋገሩበታል፤ የከለከላቸው የለም። የቀረው ሌላውን ማስገደዱ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ለፍሪሲዮን የሚባክነው ሰዓት ከምን ላይ እንደሚወሰድ ሳስበው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፔዳሉ ሲረገጥ ሳያመነታ ይወረወራል፤ እግር ሲነሳለት ደግሞ ፍሬን ሳይያዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የኋለኛው ሹፌር ካልተዘጋጀ ይገጨዋል። አይዲ6 ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። በዝግታ ሲሄድ ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ ልጇን አዝላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ዜብራ የምትሻገር እናት መምጣቱን በጆሮዋ አታውቅም። ተጋጭቶ ሲቆም ብርቱካንማዎቹ የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሎች በእጅ እንደማይነኩ ስንቱ አዲስ ሹፌር ያውቃል? ሰው የሚገድለው ይህ ነው። የጠፋ ሞተር ማንንም አይገድልም፤ ቁልፉን መልሶ ማዞር ነው።

«እኛ በዚያ ተፈትነን ነው ያለፍነው» ማለት ለአንድ ፈተና በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላውን የመንገድ ተጠቃሚ ለመጠበቅ ነው፤ የአሰልጣኙን የድሮ ሙያ ለማስከበር አይደለም።

የፈተናውን ዝርዝር የምታወጡ ኃላፊዎች፦ የአውቶሞቢል ተፈታኝ ነገ በሚነዳው ዓይነት መኪና ይፈተን፣ ምን ዓይነት መንዳት እንደተፈቀደለትም ፈቃዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ዳገት ላይ የሚባክነውን ሰዓት ዜብራው ላይ አውሉት።